አገዳ፣ ክርና ብርጭቆ
የሬዲዮ ሄሊኮፕተር ማስተካከያ መሣሪያዎችን ከአካባቢ ዕቃ ስለ መሥራት

«መሣሪያ የለንም» የሚለው ቃል በየትምህርት ቤቱ የሚሰማ ነው። መምህሩ ቤተ ሙከራ ስለሌለ ትምህርቱን በቃል ይጨርሳል፤ ተማሪውም በቃል ይዞ በቃል ይመልሳል። ፈተናው ሲያልቅ የተያዘውም አብሮ ያልቃል። ይህ ችግር በእኛ በሰሜን ወሎ ይብሳል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ ወልድያ፣ ወደ መርሳና ወደ ሀብሩ በደረሰ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች የነበራቸውን ትንሽ ዕቃ እንኳ አጥተዋል። ነገ ተመድበን ስንሄድ ባዶ ክፍል ሊጠብቀን ይችላል። ታዲያ ባዶ ክፍል ማለት ባዶ ትምህርት ማለት ነውን? አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ረቂቅ የሚመስል ሥራ፣ ማለትም በሬዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ ሄሊኮፕተርን ማስተካከል፣ ግራና ገበያና ማሳ ላይ በሚገኝ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት፣ ቀጥሎም ከዚሁ ለክፍል የሚሆን ትምህርት ማውጣት ነው።

አንዳንድ ሠልጣኝ ጓደኞቻችን «ሄሊኮፕተር ለገጠር ልጅ ምኑ ነው?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሄሊኮፕተሩ የሚጠይቀውን ጥያቄ እንዝርትም ይጠይቃል፤ የወፍጮ ድንጋይም፣ በግራና ሸለቆ ለመስኖ ውሃ የሚስበው ፓምፕም ይጠይቃል። የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ሚዛኑን ከሳተ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ነገር ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። እንዝርቷ ስትወላገድ ክሩ እንደሚበጠስ ጥጥ የምትፈትል እናት ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ ነገሩ ከልጁ ቤት የራቀ አይደለም።

ሀ. ሄሊኮፕተሩ ምንድን ነው?

በሬዲዮ የሚታዘዝ ሄሊኮፕተር ሰው የማይሳፈርበት ትንሽ በራሪ ነው። መሬት የቆመው ሰው የያዘው ማዘዣ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ በሄሊኮፕተሩ ውስጥ ያለው ተቀባይ ሞገዱን ተቀብሎ ትናንሽ ሞተሮችን ያንቀሳቅሳል። ይህን ዓይነቱን ሄሊኮፕተር በአስተማማኝ ሁኔታ እንዲበር ካደረጉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ዲተር ሽሉተር ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ መጨረሻ ነበር።

ሄሊኮፕተሩ የሚነሣው ከላዩ በሚሽከረከሩት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ቀጫጭን ክንፎች ነው። ክንፎቹ ጥቂት ዘንበል ብለው አየሩን ወደ ታች ይገፋሉ፤ አየሩም በበኩሉ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። አካሉ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዳይዞር ደግሞ በጭራው ላይ ያለው ትንሽ ክንፍ ይይዘዋል።

ማስተካከል ስንል አራት ነገሮችን ማለታችን ነው። እነርሱም፦
1ኛ/ የሁለቱ ክንፎች ክብደት እኩል መሆኑ፣
2ኛ/ የሁለቱ ክንፎች ዝንባሌ በዲግሪ እኩል መሆኑ፣
3ኛ/ የሁለቱ ክንፎች ጫፍ ሲዞር በአንድ መንገድ ላይ መሄዱ፣
4ኛ/ የጠቅላላው አካል የስበት ማዕከል ከዋናው ዘንግ ሥር መሆኑ ናቸው።

ለእነዚህ ሥራዎች በፋብሪካ የተሠሩ መሣሪያዎች በውጭ አገር ይሸጣሉ። እኛ ግን አገዳ፣ ክር፣ ምላጭ፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ፣ ናስትሮና የግንበኛ ውሃ ልክ ይበቁናል። ከሁሉ በፊት የሞተሩ ገመድ ይነቀላል። ገመዱ ሳይነቀል ክንፉን መንካት ክልክል ነው።

ለ. የክንፍ ሚዛን

አንድ ግራም ምን ያህል ትጎዳለች? እናስላ። ከዘንጉ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አንድ ግራም ትርፍ ክብደት አለ እንበል፤ ክንፉም በደቂቃ 1800 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 30 ጊዜ ይዙር። ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል የሚገኘው መጠነ ቁሱን በዙር ፍጥነቱ ካሬና በራዲየሱ በማባዛት ነው። የዙር ፍጥነቱ 30 × 6.28 = 188.4 ነው። እንግዲህ 0.001 × 188.4 × 188.4 × 0.3 ሲባዛ 10.6 ኒውተን ያህል ይሆናል። ይህም ከአንድ ኪሎ ስኳር ክብደት ጥቂት ይበልጣል። አንዲት ግራም ዘንጉን በሰከንድ 30 ጊዜ እየዞረች በአንድ ኪሎ ጉልበት ትነቀንቀዋለች ማለት ነው። ብሎኑ ቢላላ፣ ዘንጉ ቢሰበር ምን ይገርማል?

ሚዛኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱ ክንፎች ይፈታሉ። እያንዳንዱ ክንፍ በማስመሪያ ጠርዝ ላይ ይደረግና ሳይወድቅ የሚቆምበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። ይህ ቦታ የክንፉ የስበት ማዕከል ነው። ሁለቱ ክንፎች ጎን ለጎን ሲያያዙ ምልክቶቹ ካልገጠሙ፣ እስኪገጥሙ ድረስ በአንዱ ክንፍ ጫፍ ወይም ሥር ላይ ትንሽ ናስትሮ ይለጠፋል።

ቀጥሎ ሁለቱ ክንፎች ሥር ለሥር በአንድ ብሎን ይታሰሩና ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። የብሎኑ ሁለት ጫፎች እኩል ቁመት ባላቸው ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች አፍ ላይ ያርፋሉ። ከባዱ ክንፍ ዝቅ ይላል። በቀላሉ ክንፍ ላይ፣ ልክ በእርሳሱ ምልክት ቦታ፣ ናስትሮ እየተቆረጠ ይለጠፋል፤ ሁለቱ እኩል ሲቆሙ ሥራው አለቀ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። በመጀመሪያ የማዕከሉ ቦታ፣ ከዚያ በኋላ ክብደቱ።

ብርጭቆዎቹ የቆሙበት ጠረጴዛ ራሱ ዘንበል ያለ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ጎማ መድኃኒት ነው። በጎማው ሁለት ጫፍ ያለው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ የጠረጴዛው ሁለት ጫፍ ከውሃው እኩል መራቁን ማየት ብቻ ነው።

ሐ. የአገዳ ዲግሪ መለኪያ

ዝንባሌን ለመለካት ፕሮትራክተር ትንሽ ነው፤ አንዱ ዲግሪ ከሌላው በዓይን አይለይም። እኛ የምንፈልገው አንድ ዲግሪ በግልጽ የሚታይበትን ነገር ነው። መፍትሔው በክበብ ትምህርት ውስጥ አለ። የአንድ ክበብ ዙሪያ 180 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ዙሪያው ለ360 ዲግሪ ሲካፈል እያንዳንዱ ዲግሪ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል። የዚህ ክበብ ራዲየስ 180 ሲካፈል ለ6.28፣ ማለትም ወደ 28.65 ሴንቲ ሜትር ነው።

እንግዲህ የደረቀ ቀጭን የማሽላ አገዳ ይመረጣል። አንዱ ጫፍ በምላጭ ለሁለት ይሰነጠቅና ክንፉ ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል። አገዳው ከክንፉ ጀርባ ወደ ኋላ ይወጣል። ክንፉ ዘንበል ከሚልበት መስመር እስከ አገዳው ጫፍ 28.65 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ ትርፉ ይቆረጣል። በጫፉ አጠገብ ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ካርቶን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀጥ ማለቱም በቱንቢ ይረጋገጣል። ቱንቢ ከሌለ ክርና ጠጠር ያው ቱንቢ ናቸው። የአገዳው ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ባለ ቁጥር ክንፉ አንድ ዲግሪ ዘንበል ብሏል።

አገዳ የተመረጠው ቀላል ስለሆነ ነው። ከባድ እንጨት ክንፉን በክብደቱ ይጠመዝዘውና ውሸት ያናግረዋል።

አንደኛው ክንፍ ከተለካ በኋላ ካርቶኑ ከቦታው አይነቃነቅም። ሁለተኛው ክንፍ ዞሮ በአንደኛው ቦታ ይቆምና ያው አገዳ ከዘንጉ በዚያው ርቀት ላይ ይሰካበታል። ጫፉ በዚያው ምልክት ላይ ካረፈ ሁለቱ እኩል ናቸው። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሄሊኮፕተሩ የቆመበት መሬት ጥቂት ዘንበል ያለ ቢሆን እንኳ ስሕተቱ ለሁለቱም ክንፎች አንድ ዓይነት ስለሚሆን ንጽጽሩን አያበላሸውም። መሣሪያችን ደካማ ሲሆን ከመለካት ይልቅ ማነጻጸር ይሻላል። ይህ ደንብ ለሄሊኮፕተር ብቻ ሳይሆን በክፍል ውስጥ ለምንሠራው ሙከራ ሁሉ ይጠቅማል።

መ. የጫፍ መንገድና የስበት ማዕከል

በአንዱ ክንፍ ጫፍ ቀይ፣ በሌላው ነጭ ናስትሮ ይለጠፋል። ክንፎቹ ሲዞሩ ከጎን ሲታዩ ቀዩና ነጩ በአንድ መስመር ላይ ከሄዱ መልካም ነው። ቀዩ ከላይ፣ ነጩ ከታች ከታየ የቀዩ ዝንባሌ በዝቷል ማለት ነው፤ ሞተሩ ቆሞ ገመዱም ከተነቀለ በኋላ ማያያዣው በግማሽ ዙር እየጠበቀ ወይም እየላላ ይስተካከላል።

ይህ ክፍል ግን አደገኛ ስለሆነ በተማሪ ፊት አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2013 በኒውዮርክ ከተማ የ19 ዓመት ወጣት በራሱ የሬዲዮ ሄሊኮፕተር ክንፍ ተመቶ ሕይወቱ አልፏል። አሻንጉሊት መስሎ ይታያል እንጂ አሻንጉሊት አይደለም። በአገራችንም እንዲህ ያለ በራሪ ዕቃ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ሳይገኝ አይበርም። የዚህ ጽሑፍ ትምህርት ሁሉ መሬት ላይ ያልቃል።

የስበት ማዕከሉን ለማወቅ ሄሊኮፕተሩ በዋናው ዘንግ አናት በክር ይንጠለጠላል። አፍንጫው ዝቅ ካለ ባትሪው ወደ ኋላ፣ ጭራው ዝቅ ካለ ባትሪው ወደ ፊት ይገፋል። ምንም ዕቃ አልተጨመረም፤ ያለው ነገር ቦታውን ያዘ እንጂ።

ሠ. በክፍል ውስጥ

ሄሊኮፕተር የሌለው ትምህርት ቤት ምን ያድርግ? የደብተር ወረቀት ይበቃዋል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ወረቀት ይቆረጥ። ከላይ ጀምሮ 8 ሴንቲ ሜትር መሐሉ ይሰንጠቅ፤ አንደኛው ቅጠል ወደ ፊት፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ ይታጠፍ። የታችኛው ክፍል በቁመቱ ታጥፎ ይቅጠንና ጫፉ ላይ ትንሽ ሽቦ ይታሰርበት። ልጁ ወንበር ላይ ቆሞ ሲለቀው እየተሽከረከረ ይወርዳል። ከዚያ መምህሩ ይጠይቅ፦
– የቅጠሎቹ እጥፋት ቢገለበጥ ወደ የት ይዞራል?
– ከአንዱ ቅጠል አንድ ሴንቲ ሜትር ቢቆረጥ ምን ይሆናል?
– ሽቦው እጥፍ ቢሆን ቀድሞ የሚወርደው የትኛው ነው?

ሰዓት አያስፈልግም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው። ይህም ያው ማነጻጸር ነው። ልጁ በመጀመሪያ ይገምት፣ ቀጥሎ ይልቀቅ፣ በመጨረሻም ያየውን ይናገር። መምህሩ ከልጁ በፊት መልሱን ከተናገረ ሙከራው ሞተ ማለት ነው።

ረ. ስለ ዕቃ አሰባሰብ ብርቱ ማሳሰቢያ

«ከአካባቢያችሁ ዕቃ ሰብስባችሁ ኑ» የሚለው የመምህር ትእዛዝ በእኛ አካባቢ እንደ ቀላል የሚነገር አይደለም። ጦርነት ባለፈበት መሬት ያልፈነዳ ነገር በማሳ፣ በወንዝ ዳር፣ በፈረሰ ቤት ሥር ሊቀር ይችላል። ለልጅ ሁሉም ብረት ነው። ስለዚህ ዕቃው በስም ተለይቶ ይነገር፦ አገዳ፣ ክር፣ ካርቶን፣ የብዕር ቀፎ፣ ከቤት የተገኘ ጣሳ። ከሜዳ ብረት አይነሣም። የማያውቁት ነገር ከታየ አይነካም፣ አይወረወርም፤ ለትልቅ ሰውና ለፖሊስ ይነገራል። ይህን ሳይናገር ልጆችን ወደ ሜዳ የሚልክ መምህር የሚዛን ትምህርት ሲያስተምር ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ሌላም አለ። ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ሲሰሙ ልጆቻችን የሮጡበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። የሚበር ነገር ለማስተማር የተነሣ መምህር አስቀድሞ ምን እንደሚያሳይ ይንገራቸው፤ የማይፈልግ ልጅ ካለ አያስገድደው። የወረቀቷ ሄሊኮፕተር ድምፅ የላትም፤ ለመጀመሪያ ቀን እርሷ ትሻላለች።

ማጠቃለያ

አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድዊግ ዌበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በርራለች። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተወስዳ ወደ አገሯ የተመለሰችው በ2016 ዓ.ም. ነው። በቅርቡም በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ ከአሮጌ የቮልስዋገን ሞተርና ከተገኘው ዕቃ ትንሽ አውሮፕላን በራሱ ሠርቶ በዓለም ጋዜጦች ተወርቶለታል። እነዚህ ሥራዎች የተጀመሩት ያለውን ዕቃ አስተውሎ በማየት ነው።

ስለዚህ ሠልጣኝ ጓደኞቼ፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ አገዳ፣ አንድ ክርና አንድ ምላጭ በቦርሳችን እንያዝ። ዕቃው ከሣንቲም አይበልጥም፤ ልጁ በእጁ ለክቶ ያገኘው ዲግሪ ግን ከእጁ አይወጣም።

መልመጃ
1. የአገዳው ርዝመት በእጥፍ ቢጨምር፣ ማለትም 57.3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ዲግሪ ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል?
2. አንዷ ግራም ከዘንጉ በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ ብትሆን የምትጎትተው ኃይል ስንት ነው? ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምርስ?
3. ውሃ ልክ፣ ቱንቢና እንዝርት በየትኛው የሳይንስ ትምህርት ሊያገለግሉ እንደሚችሉ ለእያንዳንዱ አንድ ምሳሌ ስጡ።