ፓምፑን ወደ ጎንደር ከመጫንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሽንኩርቱ ውሃ በጠማው ሰዓት ፓምፑ አልነሳ ሲል፣ ሳንጃ ላይ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ሞተሩን መኪና ላይ ጭኖ ጎንደር መውጣት ነው። የመኪናው ኪራይ፣ የባከነው ቀን፣ የመካኒኩ ዋጋ ሁሉ ተከፍሎ ጥፋቱ ካርቡሬተር ውስጥ የተኛች ትንሽ ውሃ ብትሆን ያበሳጫል። የካንዴላ መፍቻ፣ ፒንሳና ባዶ ሃይላንድ ይያዙና እዚያው ወንዙ ዳር ግማሽ ሰዓት ይስጡት።

ማጥፊያው ተከፍቷል? የቤንዚን መክፈቻውስ? ለመጠየቅ ያሳፍራል፤ ግን ትከሻው እስኪዝል ገመድ ስቦ ስቦ በመጨረሻ ማጥፊያውን የሚያይ ሰው ብዙ ነው።

ሞተሩ የቆመው ተዳፋት ላይ ነው? ይህቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። እንደ ሆንዳ ጂኤክስ 160 ያሉና በእነሱ አምሳል የተሠሩ ብዙ ሞተሮች ዘይት ሲጎድል እሳቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው። ሞተሩ ካዘነበለ ዘይቱ ሞልቶም ቢሆን መቆጣጠሪያው የጎደለ ይመስለዋል። ያኔ ገመዱን ቢስቡት ቢስቡት እሳት የለም። ድንጋይ ደግፈው ደልዳላ ቦታ ያቁሙት፣ ከዚያ የዘይቱን ክዳን ይክፈቱ፤ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር መድረስ አለበት። የጂኤክስ 160 ሆድ የሚይዘው 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ጉድለትም ታስቆመዋለች።

ቤንዚኑ ከየት መጣ? እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው እሱን ነው። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በጀሪካንና በሃይላንድ የሚቸረቸረው ቤንዚን ስንት እጅ እንዳለፈ ማን ያውቃል? ካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ቡሎን ላላ አድርገው ቤንዚኑን ወደ ሃይላንዱ ያውርዱና ጥላ ውስጥ ያቁሙት። ውሃ ካለው ከሥር ተለይቶ ይታያል፤ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉ። ደህና ቤንዚን ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፣ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን የቅባት ምልክት ያስቀራል። ካለፈው በጋ የተረፈም ከሆነ አይመኑት። ሞተር የሚያስነሳው ቶሎ የሚተነው ክፍል በቆላው ሙቀት ሄዶ፣ የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ቀዳዳዋን በመርፌ አይጎርጉሯት፣ ትሰፋለች። ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣች አንዲት የመዳብ ክር ትበቃለች።

ተነስቶ ትንሽ ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ የታንከሩን ክዳን ላላ አድርገው ይሞክሩ። የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ሲደፈን ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል።

ካንዴላውን ፈትተው ጫፉን ይመልከቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ ወደ ካርቡሬተሩ ይመለሱ። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ያድርቁት፣ ቾኩን ከፍተው ካንዴላው እንደወጣ ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ይሳቡ፣ ትንሽ ይታገሱ። ጥቀርሻ ከለበሰ ዲፕራተሩን ያራግፉ። እሳት መኖሩን ለማየት ካንዴላውን ከራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ጋር አያይዘው ብረቱን ከሞተሩ አካል ያስነኩና የማስነሻ ገመዱን ይሳቡ፤ ግን ከካንዴላው ቀዳዳና ከፈሰሰ ቤንዚን አርቀው፣ በፒንሳው የላስቲክ እጀታ ይዘው። የጫፉ ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው።

 

አሁን የማስነሻ ገመዱ ራሱ ይናገር። ጨርሶ አልሳብ ካለ ካንዴላውን አውጥተው ይሞክሩ፤ ያኔ ከለቀቀ ውስጡ ፈሳሽ ገብቶ ነበር፣ አሁንም ከያዘ የፓምፑ ቤት ውስጥ ጠጠር ተቀርቅሮ ይሆናል፤ ይክፈቱት። ካንዴላው በቦታው ጠብቆ ሳለ ገመዱ ያለ አንዳች ትግል ቀሎ የሚመጣ ከሆነ ግን ፋሻው ወይም ባልቦላው ሄዷል። ጎንደር የሚያስኬደው ይህ ነው። የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ እኔ ብሆን አልጠግንም፤ ስገዛም መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኘውን ዓይነት እንጂ ርካሹን አልመርጥም።

ሲጭኑት ቤንዚኑን አውርደው፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገው ይሰሩት። በጎኑ ከተኛ ዘይቱ ወደ ካንዴላውና ወደ ዲፕራተሩ ይገባል፤ ከዚያ መካኒኩ ፊት ሲደርስ የማይነሳበት ሌላ ምክንያት ይጨምራል።