ጎል የትም ሜዳ ላይ ጎል ነው

ከጠዳ ተነስቶ አዘዞን አልፎ ጎንደር ፋሲለደስ ስታዲየም ለመድረስ በሚኒባስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በአቧራማ ሜዳ ላይ ኳስ ለሚያንከባልል የጠዳ ልጅ ግን ይህች አጭር መንገድ የዓለም ጫፍ ያህል ትርቀዋለች። «እዚህ ሆኜ ማን ያየኛል?» ይላል። እንዲህ የሚለው ኳስ ተጫዋች ብቻ አይደለም። በትንሽ ደመወዝ የጀመረው ነርስ፣ በሰው ሱቅ የሚሠራው ልጅ፣ ገጠር የተመደበችው መምህርትም በልባቸው ይሉታል። ለሁላችሁም የሁለት አጥቂዎችን ታሪክ ልንገራችሁ፤ አንደኛው ጎንደር ላይ የደመቀ፣ ሌላኛው የወጣትነት ዘመኑን በእንግሊዝ ዝቅተኛ ሊጎች ያሳለፈ።

ከጎንደሩ እንጀምር። የፋሲል ከነማ ደጋፊ ሙጂብ ቃሲምን የሚያስታውሰው መረብ ሲያናውጥ ነው። ሙጂብ ግን «አፄዎቹ» ወደሚባለው ወደዚህ የጎንደር ክለብ ከመምጣቱ በፊት የሚታወቀው በተከላካይነት ነበር። ጎል እንዳይገባ ሲታገል የኖረ ሰው ፋሲል ቤት ሲገባ ጎል የሚያገባ ሆነ። ነገሩ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ተከላካይ ሜዳውን ፊት ለፊት እያየ ይጫወታል፤ አጥቂ ግን ብዙ ጊዜ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ፣ ከኋላው እየተገፋ ኳስ ይቀበላል፣ ይዞራል፣ በቅጽበት ይወስናል። በአንድ ቦታ ስም ካወጡ በኋላ እንደገና ጀማሪ መሆን ትሕትና ይጠይቃል። ያም ሆኖ የቀድሞው ዕውቀት አይባክንም፤ ተከላካይ የነበረ አጥቂ ተከላካይን ምን እንደሚያስጨንቀው ከማንም በላይ ያውቃል።

በ2012 ዓ.ም. ሙጂብ ከኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ቀዳሚ ጎል አግቢዎች አንዱ ሆኖ ሳለ ኮሮና መጣ። ውድድሩ ተሰረዘ፤ ዋንጫ ያነሳም አልነበረም። ያን ሁሉ ልፋት እንዲህ ባለ ውሳኔ ማጣት ስንቱን ተስፋ ያስቆርጣል! እነ ሙጂብ ግን በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው መጡ። የ2013 ጨዋታዎች የተካሄዱት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ ስለነበር ፋሲል ጎንደር ላይ በደጋፊው ፊት መጫወት አልቻለም። በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ ግን የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። በ2008 ዓ.ም. ገና ከከፍተኛ ሊግ ያደገ ክለብ በአምስተኛ ዓመቱ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ29 ጎል ኮከብ ጎል አግቢ ሲሆን ሙጂብም ከዋነኞቹ ጎል አግቢዎች አንዱ ነበር፤ ከዚያም ወደ አልጄሪያው ክለብ ጄኤስ ካቢሊ ተሻገረ።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ሪኪ ላምበርት በሊቨርፑል አቅራቢያ ባለችው ኪርክቢ ተወለደ። በልጅነቱ በሊቨርፑል ክለብ ታዳጊዎች ውስጥ ሠለጠነ፤ 15 ዓመት ሲሞላው ግን «አትበቃም» ተብሎ ተሰናበተ። ብላክፑል ተቀበለው፤ እሱም ለቀቀው። እ.ኤ.አ. በ2001 ክለብ አልባ ሆኖ ቀይ ሥር በሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ በቀን 20 ፓውንድ እየተከፈለው ጠርሙስ ይከድን ነበር። ኳስ ግን አልተወም። ማክልስፊልድ ገባ፤ ከዚያ ስቶክፖርት፣ ከዚያ ሮችዴል፣ ከዚያ ብሪስቶል ሮቨርስ። እነዚህ ክለቦች ያኔ ይጫወቱባቸው የነበሩትን ሊጎች እኛ አገር የሚከታተል ጥቂት ነው። ላምበርት ግን እዚያው ጎሉን ማግባት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2008/09 የውድድር ዘመን በሦስተኛው እርከን ሊግ 29 ጎል አገባ። በ2009 ያኔ በዚያው እርከን ላይ የነበረው ሳውዝሀምፕተን ወሰደው። ክለቡ ሲያድግ አብሮ አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የሁለተኛው እርከን ኮከብ ጎል አግቢ ሆኖ ቡድኑን ፕሪሚየር ሊግ አስገባ።

ነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. በዌምብሌይ እንግሊዝ ከስኮትላንድ 2 ለ 2 ናቸው። ላምበርት በ31 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የብሔራዊ ቡድን ማሊያ ለብሶ ዌይን ሩኒን ተክቶ ገባ። የማዕዘን ምት ተሻማ፤ ዘለለ፤ ኳሷን በግንባሩ ገጨ፤ ጎል! በዚያ ምሽት ኳስ ሲነካ የመጀመሪያው ነበር። እንግሊዝ 3 ለ 2 አሸነፈች። በሚቀጥለው ዓመት በልጅነቱ ያሰናበተው ሊቨርፑል ራሱ አስፈረመው፤ ለዓለም ዋንጫም ወደ ብራዚል ተጓዘ።

ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ሦስት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ የቆማችሁበትን ሜዳ አክብሩ። ላምበርት ሮችዴል ሳለ ዓይኑ ትልቁ ሊግ ላይ ተተክሎ እግሩ ቢሰንፍ ኖሮ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንበት ነበር። የዛሬውን ሥራ በሙሉ ልብ መሥራት ለነገው የሚከፈል ቀብድ ነው።

ሁለተኛ፣ እንደ ሙጂብ ቦታ ለመቀየር አትፍሩ። «እኔ እኮ ተከላካይ ነኝ» ብሎ ራሱን ያጠረ ሰው ውስጡ ያለውን አጥቂ ሳያውቀው ያረጃል። አዲስ ኃላፊነት ሲሰጣችሁ «አልችልም» ከማለታችሁ በፊት ሞክሩት።

ሦስተኛ፣ አንዲት ነገር መርጣችሁ ተካኑባት። ላምበርት ፈጣን ሯጭ አልነበረም። ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ግን ወደር አልነበረውም፤ ለሳውዝሀምፕተን 34 ጊዜ መታ፣ 34ቱንም አገባ። እንዲህ ያለ እርግጠኝነት በዕድል አይመጣም። ነርሱ መርፌ አወጋጉ የማያሳምም፣ የሱቁ ልጅ ሒሳቡ የማይዛነፍ ይሁን፤ መምህርቷ ክፍልፋይን ለደካማው ተማሪ የምታስረዳ ትሁን። ሰው ስማችሁን የሚያነሳው በዚያች ነገር ነው።

እርግጥ ነው፣ በዝቅተኛ ሊግ የሚጫወት ሁሉ ዌምብሌይ አይደርስም። ቢሆንም ሮችዴል ላይ የተቆጠረው ጎል የሮችዴልን ሰው አስጨፍሯል፤ ጨዋታ አሸንፏል፤ ቤተሰብ አብልቷል። ጠዳ ላይ በደንብ የተሠራ ሥራም የጠዳን ሰው ይጠቅማል፤ ሌላ ምስክር ሳያስፈልገው ዋጋ አለው። ትልቁ በር ሲከፈት ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚገኘው በትንሹ ሜዳ ያልሰነፈው ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አሠልጣኛችሁን፣ አለቃችሁን ወይም ሥራችሁን የሚያውቅ ታላቅ ሰው «የቱ ላይ ነው የምደክመው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቢመራችሁም ዋጡት። ያቺኑ ድካም ይዛችሁ በየቀኑ ተለማመዱ። ትችላላችሁ፤ ጀምሩ!