«ለምጄዋለሁ» ማለት ምን ማለት ነው?

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን የምነግራችሁ ስለ ብርድ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ሆኖ ብርድን የማያውቅ ስለሌለ ርዕሱ የሁላችንም ነው።

እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነው የምታሳድገን። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል እንኳ ገና ሳይነጋ ተነስታ እጇን ውሃ ውስጥ ትከታለች። «እማዬ፣ አያምሽም እንዴ?» ስላት «ኧረ ለምጄዋለሁ ልጄ» ትለኛለች። እኔም መልመድ ማለት ምን እንደሆነ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኩ።

1. እጃችን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?
በቆዳችን ውስጥ ቅዝቃዜንና ሕመምን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አሉ። እነሱ መልእክቱን በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይልካሉ። አንጎል ደግሞ «አደጋ ነው!» ይላል። ወዲያው የደም ስሮች ይጠባሉ፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ልብም ፈጠን ብላ ትመታለች። እጃችንን ይቆረጥመናል። ሃይንስ እና ብራውን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሰዎችን እጅ በበረዶ ውሃ ውስጥ እያስገቡ የደም ግፊታቸውን ለክተዋል።

2. ሲደጋገምስ?
አንጎል ያንኑ መልእክት በየቀኑ ሲሰማ እንደ አዲስ አይደነግጥም። ስለዚህ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ልብም እንደ መጀመሪያው አትቸኩልም። በካናዳ ጋስፔ በሚባል አካባቢ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች እጃቸው ከቀዝቃዛ ውሃ አይወጣም ነበር። ለብላንክ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ የነዚህ ሰዎች ጣት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሆኖም ካልለመደ ሰው ጣት ይልቅ ሞቅ ብሎ ይቆይ ነበር።

እኔም ሞከርኩት። ውጭ ባደረ ውሃ ውስጥ እጄን ለ1 ደቂቃ ከትቼ ጓደኛዬ የልብ ምቴን ቆጠረልኝ። በመጀመሪያው ቀን ከ82 ወደ 98 ወጣ፤ እንባዬም መጣ። በየቀኑ ደጋግሜ በ8ኛው ቀን ሲቆጥር ግን ከ80 ወደ 86 ብቻ ሆነ።

3. ጥንቃቄ!
ለመደ ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። የቀነሰው የአንጎል ጩኸት ነው እንጂ ውሃው ያው ነው። የእናቴ ጣቶች አሁንም ይሰነጠቃሉ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው እኔ ያደረግኩትን መሞከር የለበትም። ማንም ሰው ቢሆን ደግሞ ድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ መዝለል የለበትም፤ ትንፋሹ ሳያስበው ስለሚቆራረጥ ውሃ ገብቶበት ሊሰጥም ይችላል።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ ከእናቴ ቀድሜ እየተነሳሁ ውሃ አሞቅላታለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ከሰሉን ጨረስከው!» ብላ ተቆጣችኝ። እጇን ግን ከሞቀው ውሃ ቶሎ አላወጣችውም።

ጥያቄ፦ እጃችን ሲቀዘቅዝ የደም ስሮቻችን ይሰፋሉ ወይስ ይጠባሉ? ለምን? መልሱን ለክበባችን ስጡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!