50 በመቶ ወይስ 1 በመቶ? የሙዚቃ ትምህርት በጀት ዜናን እንዴት እናንብብ

«ቁጥር አይዋሽም» ይባላል። አንድ ቁጥር ብቻውን ሲነገር ግን አንባቢን ሊያሳስት እንደሚችል በእንግሊዝ የሆነው ጥሩ ማሳያ ስለሆነ፣ ለዜና አጻጻፍ ትምህርታችን ይጠቅማል ብዬ በአጭሩ ላካፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የብሪታኒያ መንግሥት በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለሙዚቃ፣ ለድራማ፣ ለሥነ ጥበብና ለመሳሰሉት ትምህርቶች ይሰጥ የነበረውን ተጨማሪ ድጎማ ከ36 ሚሊዮን ወደ 19 ሚሊዮን ፓውንድ አወረደው። በአንድ ተማሪ ሲሰላ ከ243 ወደ 121.50 ፓውንድ መሆኑ ነው። ገንዘቡ ለሕክምናና ለሳይንስ ይዋል ተባለ።

ተቃዋሚዎች ቅነሳው 50 በመቶ ነው አሉ። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ነው ሲል ተከራከረ። ታዲያ ማን ዋሸ? ማንም! ተቃዋሚዎቹ ያሰሉት ከድጎማው ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን በወቅቱ እስከ 9,250 ፓውንድ ይደርስ የነበረውን የተማሪ ዓመታዊ ክፍያ ደምሮ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ከምን ላይ ተቀነሰ?» የሚል ይሁን። በእኔ አስተያየት የተቃዋሚዎቹ ስሌት ይበልጥ ያስኬዳል። ሙዚቃ እኮ መቶ ተማሪ አዳራሽ ሰብስበው የሚያስተምሩት ነገር አይደለም፤ መምህሩ ከአንድ ተማሪ ጋር ይቀመጣል፣ መሣሪያና መለማመጃ ክፍል ይፈልጋል። ድጎማውም የተሰጠው ለዚሁ ትርፍ ወጪ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ማን ተነካ?» ነው። በዚያው ውሳኔ በአንድ ዘርፍ ላይ ለሚያተኩሩ ከፍተኛ ተቋማት (ብዙዎቹ የሥነ ጥበብ ናቸው) 10 ሚሊዮን ፓውንድ ተጨምሯል። ጫናው ይበልጥ ያረፈው ሙዚቃን ከሌሎች ትምህርቶች ጋር በሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ነበር።

ሦስተኛው «ዋጋ ምን ሆነ?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕፃናትና ወጣቶች የሙዚቃ ትምህርት እስከ 2025 ድረስ በየዓመቱ 79 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመደብ ተገለጸ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ ደረሰ። 79 ሚሊዮኑ በቀደመው ዓመት ዋጋ ሲመነዘር ወደ 71 ሚሊዮን ገደማ ነው። «ቀነስን» ያለ የለም፤ ገንዘቡ ግን አንሷል።

«የእንግሊዝ ሙዚቃ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በ2021 ድጎማው ከተቆረጠባቸው ትምህርቶች አንዱ የሚዲያ ጥናት ነው፤ ማለትም የእኛው ዘመድ! ነገ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ወይም የራሳችንን ትምህርት ክፍል በጀት ስንዘግብ፣ መግለጫውን እንዳለ ከመገልበጣችን በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እናንሳ።