ቤት ጠብቂ ስትባዪ ራስሽንም ጠብቂ

የዛሬው ትምህርታችን አሠሪዎቻችን ለእረፍት ሲሄዱ ቤቱንና ድመቱን ለእኛ ጥለው ስለሚሄዱበት ጊዜ ነው። ሥራው የቀለለ ይመስለናል። ነገር ግን ዕቃ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምትጠየቀው እዚያ የቀረችው ናት።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በሙቀቱ ጊዜ ማዳም ከነልጆቿ አብሃ ሄደች፤ ቁልፉና ድመቷ እኔ ጋ ቀሩ። ስትመለስ የወርቅ አምባሯ የለም። ሻንጣዬ ተበረበረ። ለእናቴ ልልከው ያጠራቀምኩት 1,800 ሪያል ሲገኝ፣ «ይኸው ሽጣዋለች» ተባለ። የደመወዝ ወረቀት አልነበረኝም፤ የምለው ጠፋኝ። ልጥፋ ወይስ ልቀመጥ እያልኩ ሳልተኛ ነጋ። በማግስቱ አምባሩ አብሃ ይዛው ከሄደችው ቦርሳ ኪስ ውስጥ ተገኘ። «መዓለሽ» አለችኝ፣ በቃ። ባይገኝስ ኖሮ? ከዚያ የተማርኩት ይህ ነው፦

1ኛ. ከመሄዳቸው በፊት ከማዳም ጋር ቤቱን ዙሪ። ወርቅና ገንዘብ ያለበትን ክፍል ራሷ ቆልፋ ቁልፉን ይዛ እንድትሄድ በትሕትና ለምኛት። «ማማ፣ ለአንቺም ለእኔም ይሻላል» በያት።

2ኛ. ሳታስፈቅጂ ቤቱን ወይም ሰዎቹን ፎቶ አታንሺ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳዑዲ የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ በሞባይል ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት የነካ እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ይቀጣል። መከላከያ ያልሽው ክስ ይሆንብሻል። ቪዲዮ ካስፈለገ ማዳም በራሷ ስልክ ትቅረጽ።

3ኛ. በየቀኑ በዋትሳፕ ላኪላት፦ ድመቷ በላች፣ በሩ ተቆልፏል። ዕቃ ከተሰበረ ወይም ድመቷ ከታመመች ያኔውኑ ተናገሪ። መልእክቱን አታጥፊ። ዘመድሽም ቢሆን ሰው አታስገቢ።

4ኛ. ከ2026 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ የሁላችንም ደመወዝ በባንክ ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ እንዲከፈል ታዟል፤ በእጅ አትቀበዪ። ወደ አገር ቤት የላክሽበትን ደረሰኝ ሁሉ ያዢ። ገንዘቡ የአንቺ መሆኑን የሚናገርልሽ እሱ ነው።

5ኛ. ከተከሰስሽ፣ ያልገባሽን የዓረብኛ ወረቀት አትፈርሚ። «እመኚና እንተውሽ» ቢሉሽ ያላደረግሽውን አድርጌያለሁ አትበዪ። በአገሩ ሕግ ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት፤ ዓረብኛ ለማይችልም ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ያቆማል። ጠበቃ እፈልጋለሁ፣ ለኤምባሲዬ ይነገርልኝ በዪ።

6ኛ. ደንግጠሽ አትጥፊ። ሁሩብ ይመዘገብብሻል፣ ሐሰቱም እውነት ይመስላል። የሚመቱሽ ከሆነ ግን ነፍስ ትቀድማለች፤ ሪያድ ላይ ፖሊስ በ911 ይገኛል።

እህቶቼ፣ ማንበብ ለማትችለው፣ ትናንት ለመጣችው ልጅ አንብቡላት። ፈጣሪ ከሐሰት ክስ ይጠብቀን።