ኢምንት ንጥረ ነገሮች ለማዕድንና ለቅላጭ የሚከፋፈሉበትን መጠን እንዴት እንለካለን?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1969 በሜክሲኮ ቺዋዋ ግዛት የወደቀው የአዬንዴ ሜትዮራይት ካልሲየምና አሉሚኒየም የበዛባቸው ነጫጭ ቅንጣቶች አሉት። እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች 4.567 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ሲሆን፣ በሥርዓተ ፀሐይ ዕድሜያቸው ከተለካ ጠጣሮች ቀዳሚዎቹ ናቸው። ከፊሎቹ ቀልጠው እንደገና ረግተዋል። አረጋጋቸውን ለማወቅ የክፍፍል መጣኝ ያስፈልጋል፤ ይህም የአንድ ንጥረ ነገር መጠን በማዕድኑ ውስጥ ያለው በቅላጩ (በቀለጠው ድንጋይ) ውስጥ ላለው ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ሜሊላይት በተባለው ማዕድን ላይ እንዲህ ይለካል።

1. ድብልቁን ያዘጋጁ። ካልሲየም ካርቦኔትን ከማግኒዚየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊኮንና ከቲታኒየም ኦክሳይዶች ጋር በአጌት ሙቀጫ አልመው ይፍጩ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እስኪወጣ ያግሉት። ከዚያ ላንታነምን የመሳሰሉትን ኢምንት ንጥረ ነገሮች ለመለኪያ መሣሪያው በሚበቃ ጥቂት መጠን ይጨምሩ።

2. የምድጃውን ጋዝ ይመጥኑ። ቅንጣቶቹ የተፈጠሩት ሃይድሮጅን በበዛበት፣ ኦክስጅን ባነሰበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀላቅለው ያስገቡ። ኦክስጅን ሲያንስ ዩሮፒየም የተባለው ንጥረ ነገር በከፊል ባለ ሁለት ሙል ስለሚሆን በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ከጎረቤቶቹ የተለየ ክፍፍል ያሳያል። ሃይድሮጅን ስለሚፈነዳ የጋዙን መውጫ በጥንቃቄ ይጠብቁ።

3. ያቅልጡና በዝግታ ያቀዝቅዙ። በዚህ ዓይነት ቅላጭ ስፒኔል የተባለው ማዕድን በ1,550 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ሜሊላይት ደግሞ በ1,400 ገደማ መርጋት ይጀምራሉ። ሙቀቱን በሰዓት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ይቀንሱ፤ ትልቁ የስህተት ምንጭ እዚህ ነውና። ክሪስታሉ በፍጥነት ካደገ የገፋቸው ንጥረ ነገሮች የሚርቁበት ጊዜ አጥተው ጠርዙ ላይ ይከማቻሉ፤ ከመሐል ቅላጩ ጋር ሲነጻጸርም መጣኙ ከእውነተኛው ወደ 1 ይጠጋል። ሜሊላይቱ ሲያድግ ናሙናውን በድንገት ውሃ ውስጥ ይክተቱ፤ ቅላጩ መስታወት ይሆናል።

4. ይለኩ። ናሙናውን በኢፖክሲ ሙጫ ቀብረው እስኪያንጸባርቅ ይሞርዱ። ዋና ዋናዎቹን በኤሌክትሮን ጨረር፣ ኢምንቶቹን በአዮን ጨረር መሣሪያ ይለኩ። የክሪስታሉን ጠርዝና አጠገቡ ያለውን መስታወት ለየብቻ ይውሰዱ።

5. ያስሉ። ለምሳሌ በማዕድኑ ከሚሊዮን 30፣ በመስታወቱ 50 ክፍል ቢገኝ መጣኙ 0.6 ነው፤ ንጥረ ነገሩ ቅላጩን ይመርጣል ማለት ነው። መጣኙ 0.1 ከሆነና የተፈጠሩት ክሪስታሎች ከቅላጩ እየተለዩ ግማሹ ቢረጋ፣ በቀረው ቅላጭ የንጥረ ነገሩ ክምችት ከመነሻው 1.87 እጥፍ ይሆናል።

6. ያረጋግጡ። የባለ አንድ ዓይነት ሙል አዮኖችን መጣኝ በራዲየሳቸው አንጻር በግራፍ ያስቀምጡ። ነጥቦቹ ጉብታ ያለው ኩርባ ይሠራሉ። አንዱ ካፈነገጠ ጨረሩ መስታወት ነክቶ እንደሆነ ያጣሩ።

ውጤቱን ሲመዘግቡ ሙቀቱን፣ የቅላጩን ይዘትና የኦክስጅኑን መጠን አብረው ይጻፉ። እነዚህ ያልተጻፉለት መጣኝ በሌላ ድንጋይ ላይ ሊሠራበት አይገባም።