ለክሩዘር ሞተር ፓራብሬዛ ሲመረጥ

ገዢን የሚረዳ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ስንታዘዝ የመረጥኩት ርዕስ የክፍል ጓደኞቼን አስቋቸዋል። እውነት ነው፣ እዚህ ክሩዘር የሚነዳ ብዙ ሰው አላውቅም። ሆኖም ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ የሚኖሩት አጎቴ ይነዳሉ፤ በዚሁ ዕቃ ምክንያትም አንድ ማታ ለጥቂት ነው የተረፉት።

ክሩዘር መቀመጫው ዝቅ፣ መሪው ሰፋ ያለ፣ የእግር መርገጫው ወደፊት የወጣ ሞተር ነው። እንደ እሽቅድምድም ሞተር አጎንብሰው ስለማይነዱት ደረት ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል። የነፋስ ግፊት ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። አጎቴ የሚወዱት የሼናንዶዋ ተራራ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ 105 ማይል ሲረዝም የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። በቨርጂኒያ አውራ ጎዳና ግን እስከ 70 ማይል የሚፈቀድበት ቦታ አለ። እንግዲህ ተራራው ላይ የሚያስደስተው ነፋስ አውራ ጎዳናው ላይ አራት እጥፍ ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። አንገትና ክንድ ይዝላል። ፓራብሬዛ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አጎቴ ሞተሩን ሲገዙ ፓራብሬዛ አልነበረውም። ትልቅ ከሆነ ብዙ ይከላከላል ብለው ረጅሙን አዘዙ፤ ጠርዙም ከዓይናቸው በላይ ሆነ። ቀን ቀን ምንም አልነበረም። አንድ ማታ ግን ዝናብ ያዛቸው። የመኪና ፓራብሬዛ መጥረጊያ አለው፣ የሳቸው የለውም። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት በእያንዳንዷ ጠብታ ላይ ተበተነ። «መንገዱ ጠፋኝ፤ ነጩን መስመር እንኳ አላየሁትም» አሉኝ። አንገታቸውን በጎን አስግገው፣ እየተንቀጠቀጡ መውጫው ጋ ደረሱ።

የሚገርመው እኔም በመጀመሪያው ረቂቄ «ረጅም ፓራብሬዛ የተሻለ ነው» ብዬ ነበር፣ ከሻጭ ማስታወቂያ ወስጄ። በስልክ ሳነብላቸው «ይሄን ማን ነገረህ? እኔም እኮ እሱን አንብቤ ነው የገዛሁት» አሉኝ። አፈርኩ። ረቂቁንም ቀደድኩት።

ስለዚህ ዋናው ነገር፣ መንገዱ የሚታየው በፓራብሬዛው ውስጥ ሳይሆን በላዩ ነው። ጠርዙ ከአፍንጫ ጫፍ ጋር ትይዩ ቢሆን ይመረጣል። ታዲያ ነፋሱ ዓይን አይመታም? ነፋሱ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ስለሚወረወር ፓራብሬዛው ከራሱ ቁመት በላይ ይከላከላል። ማውጫ ላይ የተጻፈው ኢንች ብቻውን አይበቃም፤ የነጂው ቁመትና የፓራብሬዛው ማዘንበል ሁሉን ይለውጠዋል። አጎቴ ለሁለተኛው ግዢ ሄልሜታቸውን አድርገው፣ እንደሚነዱት ሆነው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ካርቶን ከፊት በፕላስተር ለጥፈው፣ መንገዱ በላዩ እስኪታያቸው ድረስ በመቀስ አሳጠሩት። ከዚያ ካርቶኑን ለኩ። ወጪው የፕላስተር ብቻ ነው።

ማጠርም የራሱ ጣጣ አለው። ከጠርዙ ተወርውሮ የሚመጣው የተናወጠ ነፋስ ልክ ሄልሜት ላይ ካረፈ ጭንቅላት ይንጣል፣ ጆሮ ያደነቁራል። ማዘንበሉን ትንሽ መቀየር ወይም ከታች አየር ማስገቢያ ያለውን መምረጥ ሊያቃልለው ይችላል። ይህ ግን ካልተነዳ አይታወቅም፤ መመለስ ይቻል እንደሆነ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው።

መስታወት እንበለው እንጂ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። አክሪሊክ፣ ማለትም ፕሌክሲ ግላስ፣ ጥርት ያለ ነው፤ ጠጠር ሲመታው ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ፖሊካርቦኔት ምትን በጣም ይችላል፣ ነገር ግን ቶሎ ስለሚጫር ጭረት መከላከያ ሽፋን ያለውን መግዛት ይሻላል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃና ቤንዚን ፖሊካርቦኔትን ያበላሹታል፤ የነዳጅ ማደያ ብሩሽም ይጭረዋል። የደረቀ ትንኝ ላይ እርጥብ ጨርቅ ትንሽ አቆይቶ በለስላሳ ጥጥ መጥረግ በቂ ነው።

የቨርጂኒያ ሕግ ሄልሜትን ያስገድዳል፤ ፓራብሬዛ ላለው ሞተር ግን የዓይን መከላከያ ባይደረግም ይፈቅዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። በላዩ የሚያይ ሰው ዓይኑ ክፍት ነውና መነጽሩን ባይተው ይሻላል።

አዲሱ ፓራብሬዛ ከፊተኛው በአራት ኢንች ያጥራል። ፊተኛውን ሻጩ «ተነድቶበታል» ብሎ አልቀበልም ስላላቸው ዛሬም ጋራዣቸው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል።